ጓሳውን ማን ይዘጋል?

በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ገመድ፣ ሰፌድና መሶብ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ ውስጥ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በግጦሽ መሬት ባለሙያነት ያሳለፉ የመንዝ ሰው ናቸው። ወጣቷ በዚሁ ሙያ ተመድባ ወደ አንድ ወረዳ ልትሄድ ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ስለ ግጦሽ ለመጠየቅ መርካቶ ድረስ መምጣቴ ትንሽ ግር ብሎኛል።

ሽማግሌው፦ ግር አይበልሽ ልጄ። እዚህ የሚሸጠው ቅቤ፣ ቆዳው፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና፣ ሁሉም መነሻው ሣር ነው። በይ ይህን ገመድ ያዢ፤ ጓሳ ነው። ጫፉን ፍቺና ቅጠሉን እዪው፣ ረጅምና ጠንካራ ነው። ይህን ያህል የሚረዝመው ሳይታጨድና ሳይጋጥ ሲከርም ነው። ካጠረ ገመዱ ቶሎ ይበጠሳል።

ወጣቷ፦ እኛ የተማርነው በአብዛኛው ስሌት ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር፣ ይህን ያህል ከብት።

ሽማግሌው፦ ስሌቱን እንዳትንቂው። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን ከክብደቱ 2.5 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይበላል፤ 6 ኪሎ ከሩብ መሆኑ ነው። አንድ ሄክታር በዓመት 2,000 ኪሎ ደረቅ ሣር ይሰጣል እንበል። ግማሹን ለመሬቱ ብትተዪ የቀረው 1,000 ኪሎ ያንን ከብት 160 ቀን ያቆየዋል።

ወጣቷ፦ ገበሬው «ሣሩ ቆሞ እየደረቀ ከብቴ ለምን ይራባል?» ቢለኝስ?

ሽማግሌው፦ አብረሽው ቁጭ በይና ከሥሩ ገልጠሽ አሳዪው። ከዓመት ዓመት የሚቆየው ሣር የሚያቆጠቁጠው አፈሩ አጠገብ ካለው እንቡጥ ነው፤ ሥሩን የሚመግበው ደግሞ ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ እስከ አፈር ድረስ በተጋጠ ቁጥር ሥሩ ያጥራል። ቀጥሎ ዝናቡ ቢመጣም የሚጠጣው ሥር የለም፤ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል፣ ቦታውንም ከብት የማይነካው ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ይህን በዓይን ግምት ብቻ አትናገሪ። ቀጥ ብለሽ መቶ እርምጃ ሂጂ፣ በየእርምጃው የጫማሽ ጫፍ ያረፈበትን መዝግቢ፦ ነባር ሣር፣ የአንድ ክረምት ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ ራቁት አፈር። በዓመቱ በዚያው ወር፣ በዚያው መስመር ድገሚው። ራቁቱ አፈር ከ20 እርምጃ ወደ 35 ከሄደ ስብሰባ ላይ ይዘሽው የምትቀርቢው እሱን ነው።

ወጣቷ፦ ቁጥሩን ካዩ በኋላ ይስማማሉ?

ሽማግሌው፦ ብቻውን አያስማማም። እኛ አገር፣ መንዝ ጓሳን እዪ። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አሉበት። ይህን ሣር ለ400 ዓመት ያህል ያቆየው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። የመጠቀም መብቱ ከአቅኚዎቹ ከአስቦና ከጌራ የሚወርድ ነበር። ጓሳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር፤ አባወራው ተራ ገብቶ ይጠብቅ ነበር። ሲከፈት የሚከፈተው በበጋው፣ ችግሩ ሲጠና ነበር፤ ቅድሚያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከብቱ ከዚያ በኋላ ይገባ ነበር። ክረምቱ ሲመጣ ሁሉም ይወጣል፣ ሣሩም ያርፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያንም ከጀርባው ነበረች፤ የተዘጋውን መድፈር ከጎረቤት ጋር ብቻ የሚያጣላ አልነበረም።

ወጣቷ፦ ታዲያ ምን አፈረሰው?

ሽማግሌው፦ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አዋጁ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ከአሮጌው ርስት ጋር ግን ቄሮም ሄደ፣ የሚተካው ሕግ አልተዘጋጀለትም። ጠባቂ ሲጠፋ ያገኘ ሁሉ ገባ፤ ሣሩ ያለጊዜው ታጨደ፣ ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦም ለማገዶ ተነቀለ። ጓሳው የዳነው ሰዉ ራሱ ተሰብስቦ፣ ቀድሞ ያልተወከሉትን ጭምር ይዞ ኮሚቴ ሲያቋቁም ነው። በኋላ የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ ዕውቅና ሰጠው።

ወጣቷ፦ መምህራችን ግን የጋራ መሬት መጥፋቱ አይቀርም የሚለውን ጽሑፍ አስተምረውናል።

ሽማግሌው፦ የጋሬት ሃርዲን ነው፣ በ1968 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው። እሱ ያሰበው በር የሌለው ሜዳ ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የብዙ አገር የጋራ ግጦሽና መስኖ አጥንታ፣ ተጠቃሚው ራሱ ያወጣው ሕግ፣ ጠባቂና ቅጣት ካለ መሬቱ እንደሚቆይ አሳየች፤ በዚያው አቆጣጠር በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣት። የመንዝ ገበሬ ይህን ሲሠራበት ኖሯል።

ወጣቷ፦ የተመደብኩት ቆላ ቢሆንስ? ቄሮን ይዤ ልሂድ?

ሽማግሌው፦ እንዳታደርጊው! ቦረና ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴም ይቀራል። እዚያ መሬት የሚያርፈው ከብቱ ዝናብ ተከትሎ ሲንቀሳቀስ ነው፣ የውኃ ጉድጓዱም የሚያዝበት የራሱ ባለቤት አለው። አጥር ካበዛሽባቸው ድርቅ ሲመጣ መሄጃ ታሳጫቸዋለሽ። በደርግ ጊዜ ሣር ማቃጠል ተከለከለ፤ በቅን ልቦና ነው። እሳቱ ይገታው የነበረው ግራር ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ የግጦሽ መሬት ወረሰ። የእኔ ሙያ እዚያ ሰዉን ሳይጠይቅ ገብቶ ብዙ አበላሽቷል።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ደርሼ መጀመሪያ ምን ልጠይቅ?

ሽማግሌው፦ ግጦሹ መጨረሻ የተዘጋው መቼ ነው፣ የከፈተውስ ማን ነው፣ ብለሽ ጠይቂ። ሊቀ መንበሩን ብቻ ሰምተሽ አትመለሺ። ከብት የሚጠብቁትን ልጆች፣ ሣር የሚያጭዱትንና እንጨት የሚለቅሙትን ሴቶች አግኚ፤ ደንብ ሲወጣ ቅጣቱ ቀድሞ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ላም የሌላት ሴት ስንት ሸክም ሣር እንደሚደርሳት ካልተጻፈ፣ አንቺም አትፈርሚበት።