የከተማ ዓርማና የሐረር በር

ዓርማ ማለት አንድ አገር ወይም አንድ ከተማ ራሱን የሚያስታውቅበት ሥዕል ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ሥዕሉን አይቶ የማን እንደ ሆነ ያውቀዋል። በአውሮፓ ይህ ልማድ ከጦር ሜዳ የመጣ ነው። የጥንት ፈረሰኛ ፊቱ በብረት ቁር ተሸፍኖ አይታይም ነበርና፣ ወገኑ የሚለየው በጋሻው ላይ ባለው ሥዕል ነበር። ኋላም ከተሞች ይህንኑ ልማድ ወረሱ።

ፓሪስ መርከብን ዓርማዋ አደረገች፤ ይኸውም በሴን ወንዝ የሚነግዱ ባለጀልባዎች የከተማዋ አለቆች ስለ ነበሩ ነው። በርሊን ድብን ይዛለች። የብዙዎቹ ምልክት ግን ቅጥርና ግንብ ነው። በሃምቡርግ ዓርማ በቀይ መደብ ላይ ሦስት ግንብ ያለው ነጭ ቅጥር ተሥሏል፤ በሩም የተዘጋ ነው።

ይህን የመሰለውን ሥዕል በድንጋይ ተሠርቶ ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ሐረር ይሂድ። የጀጎልን ቅጥር ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር ናቸው። የጥንት በሮቹ አምስት ሲሆኑ፣ ሐረሪዎች አስመዲን በሪ፣ በድሪ በሪ፣ ሱቁጣት በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ አሱም በሪ ይሏቸዋል። «በሪ» የሚለው ቃል ለአማርኛው «በር» ወንድሙ መሆኑን ተማሪ ያስተውል። ለመኪና የሚበቃው በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። በሮቹ ሌሊት ይዘጉ ነበር፤ በቀን ግን ገበሬውና ነጋዴው ቡናውንና እህሉን ጭኖ ይገባባቸው ነበር። በር የሌለው ቅጥር ወህኒ ቤት ነው፤ ቅጥር የሌለው በርም የሚጠብቀው ነገር የለውም። ሁለቱን በአንድ ጋሻ ላይ የሣሉ ሰዎች ይህን ሳያውቁ አልቀሩም።

ከበሮቹ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን በቅጥሩ እግር የተተወው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ይኸውም የጅብ መግቢያ ነው። ከተሞች በጋሻቸው ላይ አንበሳንና ንስርን የሚሥሉት ኃይላቸውን ለማሳየት ነው። ጅብን ማን ይሥላል? በብዙ አገር ስሙ የሚነሣው በክፉ ነው። ሐረሪዎች ግን ሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊ እንዲበላ መንገድ ሰጡት፤ እንዲህም ሆኖ ሁሉ የሚያባርረው አውሬ የከተማ ጠራጊ ሆነ። በዓሹራ በዓል ቅቤ የገባበት ገንፎ ያቀርቡለታል፤ ደኅና አድርጎ ከበላ ዘመኑ መልካም ይሆናል ይላሉ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ከጻፈ ወዲህም ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ ቀን በሮቹን ሲያይ ይውልና፣ ሲመሽ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ጅቡ ከሰው እጅ ሥጋ ሲጐርስ ያያል።