ቤት ከመግዛታችን በፊት

 

በቅርቡ ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ጠበቀኝ። «ኡስታዝ፣ ሁለት ቤት አግኝተናል፤ የትኛውን እንግዛ?» አለኝ። አንዱ ኮልፌ ነው። ባለ አንድ መኝታ ቢሆንም ለእናቱም ለመስጂድም ቅርብ ነው። ሌላው ቱሉ ዲምቱ ያለ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እሱ የሚሠራው ደግሞ መርካቶ ነው። ያጠራቀሙት ለአንዱም አይሞላም፤ ቀሪውን ከባንክ በወለድ ሊበደሩ አስበዋል።

እኔም ቸኩዬ «መስጂድ አጠገብ ያለውን ግዙ» አልኩ። ባለቤቱ «ሦስቱ ልጆችስ የት ይተኛሉ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤቴ ገብቼ የበኒ ሰሊማ ታሪክ ትዝ አለኝ። ሙስሊም እንደዘገቡት እነዚህ አንሷሮች ቤታቸው ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ይርቅ ነበር። በመስጂዱ ዙሪያ ቦታ ሲለቀቅ ሊጠጉ ፈለጉ። ነብዩ ግን እዚያው እንዲቆዩና እርምጃቸው እንደሚጻፍላቸው ነገሯቸው። ስለዚህ ርቀት ብቻውን ኪሳራ አይደለም። ግን ልብ በሉ፤ በኒ ሰሊማዎች በእርግጥ ይመላለሱ ነበር። ከመስጂድ አጥር ሥር ኖሮ ለሱብሒ የማይነሳም አለ።

በሌላ ሐዲስ ነብያችን ከሰው ልጅ የደስታ ምክንያቶች መካከል ከመልካም ሚስት ጋር ሰፊ ቤትን፣ መልካም ጎረቤትንና ምቹ መጓጓዣን ቆጥረዋል። የቤት ምርጫችንን በእነዚህ እንመዝነው።

ስፋት፦ ሰፊ ቤት መመኘት ዱንያን ማምለክ አይደለም። ሴትና ወንድ ልጆች ሲያድጉ መኝታቸው መለየት አለበት። ለእንግዳ ማሳየት ብቻ ከሆነ ግን ኒያችንን እንመርምር።

መንገድ፦ ቤቱን እሁድ ረፋድ ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። ሰኞ ጠዋት ከዚያ ተነስታችሁ ሥራ ቦታ ድረስ ሂዱ። ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ቢፈጅ በሳምንት 5 ቀን 15 ሰዓት፣ በወር 60 ሰዓት ነው። ይህ ጊዜ ከልጆቻችሁ፣ ከቁርኣናችሁና እናትን ከመጠየቅ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ጎረቤት፦ ቡኻሪ እንደዘገቡት ሶሓባው አቡ ራፊዕ በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ግቢ ውስጥ ያለውን ቤቱን ሲሸጥ 500 ዲናር የሚሰጠው ሰው ነበር። እሱ ግን ባነሰ ዋጋ፣ ያውም በየጊዜው በሚከፈል 4000 ዲርሃም ለጎረቤቱ ለሰዕድ ሸጠለት። ምክንያቱ ጎረቤት ቅድሚያ እንዳለው ከነብዩ መስማቱ ነው። እንግዲህ ሻጭ ለጎረቤት ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ ገዢ ሳይጠይቅ እንዴት ይገባል? ከመግሪብ በኋላ በሰፈሩ ዞር ዞር በሉ። ጀማዓ የት እንደሚሰገድ፣ ልጆች የት እንደሚቀሩ ጠይቁ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ቤቱ የትም ይሁን፣ ገንዘቡ በሪባ ከመጣ በረካው አብሮ አይገባም። ዛሬ መንገድ የለም አንልም፤ ከ2013 ዓ.ል ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉን። በሙራበሓ ባንኩ ቤቱን መጀመሪያ ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ በቁርጥ ዋጋ ይሸጥልሃል። ግን «ከወለድ ነፃ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይተን አንፈርምም። ባንኩ ሳይገዛ ነው የሚሸጥልኝ? ብዘገይ ዕዳዬ ይጨምራል? ብለን እንጠይቅ፤ ዑለማንም እናማክር።

ይህም ካልተሳካ መከራየት ነውር አይደለም። የተከራየ ሰው ሪዝቁ አልጎደለም፤ ጊዜው ገና ነው።

ባልና ሚስቱን ደግሜ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩና ይህንኑ ነገርኳቸው። አልገዙም። ብድሩን ትተው ከወለድ ነፃ ቁጠባ ከፍተዋል፤ አሁንም በኪራይ ናቸው። «ቅር አላላችሁም?» ስል እሱ ዝም አለ። እሷ ግን «ኡስታዝ፣ ቅር ብሎናል። ግን እንቅልፋችንን እንተኛለን» አለችኝ።

ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ የሚያውቅ ሰው አማክሩ፣ ሁለት ረከዓ ሰግዳችሁ ኢስቲኻራ አድርጉ። ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሶለዋት አብዙ፣ ቤት ለሌላቸውም ዱዓ አድርጉ።

አላህ በዱንያ በረካ ያለበትን ቤት፣ በአኺራም ጀነትን ይወፍቀን። አሚን።