ኢስራፍ በዕቃው ነው ወይስ በሚዛኑ?

 

በየቤታችን ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ ፍሪጅና ለየሰዉ አንድ አንድ ሞባይል መታየቱን የአባካኝነት ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡ ወገኖች አሉ። በአንጻሩ «በሐላል ገንዘቤ የፈለግሁትን ብገዛ ማን ምን አገባው?» የሚሉም አሉ። በእኔ እምነት ሁለቱም ዕቃውን እንጂ ሚዛኑን አላዩም።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ኢስራፍ በተፈቀደ ነገር ልክ ማለፍ ነው። ተብዚር ደግሞ ገንዘብን ያለ አግባቡ ማፍሰስ ነው። በሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 26 ማባከን የተከለከለው የቅርብ ዘመድ፣ የሚስኪንና የመንገደኛ ሐቅ እንዲሰጥ ከታዘዘ በኋላ ነው። እንግዲያው የሰው ሐቅ ይቀድማል። ከታቢዒዮች አንዱ የሆኑት ሙጃሂድ፣ ሰው ሀብቱን በሙሉ በሐቅ ቢያወጣ አባካኝ እንደማይባል፣ ያለ ሐቅ ካወጣ ግን አንድ እፍኝ እንኳ ብክነት እንደሚሆን አስተምረዋል። ስለዚህ የዋጋው ትልቅነት ብቻውን መለኪያ አይሆንም።

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። ከረመዳን ኢፍጣር የተረፈውን ምግብ ከመደፋት የሚያድን ፍሪጅ ብክነትን ይቀንሳል። ሞባይል በ1991 ዓ.ም ወደ አገራችን ሲገባ የጥቂቶች ጌጥ ነበር። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ ግን ቴሌብር በስልክ ገንዘብ መላክና መቀበልን አስችሏል። ለነጋዴውና ለሾፌሩ ስልክ የሥራ መሣሪያ ነው። ይህን «ቅንጦት» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ደህና የሚሠራውን ስልክ ለስሙ ብቻ ሲሉ በየዓመቱ መለወጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ልኩም ከጊዜው ጋር ይለዋወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ100 ዶላር ስልክ በባንክ ምንዛሪ ሲሰላ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት ከ5,700 ብር ወደ 10,000 ብር በላይ ወጣ ማለት ነው። ደመወዙ ባለበት ለቆመ አባወራ ትናንት ልከኛ የነበረው ግዢ ዛሬ ኢስራፍ ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ግን ያው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በሳዑዲና በሌሎች የዐረብ አገሮች በሰው ቤት ሠርተው የሚልኩልን እህቶች ገንዘብ ነው። ልጅቱ ለእናቷ መድኃኒት፣ ለወንድሟ ትምህርት ወይም «አስቀምጡልኝ» ብላ ትልካለች። ቤተሰቡ ከጎረቤት ላለማነስ ትልቅ ቴሌቪዥን ይገዛበታል። ይህ ከኢስራፍም ያለፈ ነው። ለታወቀ ጉዳይ የተላከ ገንዘብ አማና ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ማዋልም አማናን መብላት ነው። በ2006 ዓ.ም ከ150 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። እንዲህ ባለው ቀን ለተመላሿ መቋቋሚያ የሚሆናት ያስቀመጡላት ጥሪት እንጂ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን አይደለም።

እንግዲህ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ራሳችንን እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ገንዘቡ የማን ነው? ዕዳ፣ አማና ወይም ያልወጣ ዘካ አለበትን? የቤት መገልገያ ዕቃ ዘካ የለበትም። ይህ ግን ግዴታ የሆነብንን ዘካ ወደ ዕቃ ለውጠን እንድናመልጥ አይፈቅድም።

ሁለተኛ፦ ዕቃው ምን ይሠራልናል? ያለንስ አልበቃንምን?

ሦስተኛ፦ የምንገዛው በአቅማችን ነው ወይስ በብድር? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር።

ይህ ሲባል ንፉግነትን ማስተማር አይደለም። በሱረቱል ፉርቃን ቁጥር 67 የተመሰገኑት የማያባክኑም የማይሰስቱም ናቸው። አቅም እያለው ለቤቱ የሚያስፈልገውን የሚነፍግ አባትም ከሚዛኑ ወጥቷል።

በቂያማ ቀን ስለ ገንዘባችን ከየት እንዳመጣነውና በምን እንዳዋልነው እንጠየቃለን። አላህ ለሁለቱም መልስ ካላቸው ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።