ቡችላ፣ በረዶና እርጥብ ካልሲ

ሚኒሶታ አዲስ ለገባ ሰው ስለ ብርዱ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የጥር ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። በዓመት የሚጥለው በረዶ ቢደመር 130 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ቁጥሮቹ ልክ ናቸው፤ ግን የሚያስፈራውን ነገር ያለ ቦታው ያስቀምጡታል። ቴርሞሜትር እያየ የሚፈራ ሰው ከቤት አይወጣም፤ ከቤት የማይወጣ ሰው ደግሞ አገሩን አይለምድም። ቡችላ የወሰደ ሰው ግን ምርጫ የለውም። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ላይ ሽንቱን ከሦስት ሰዓት በላይ መያዝ ያቅተዋል፤ ውጭው ምን ያህል እንደቀዘቀዘ ለእሱ ደንታው አይደለም። በመጀመሪያው የበረዶ ዓመት ቡችላ ማሳደግን ብዙ ሰው እብደት ይለዋል። እኔ ግን ዘዴው ከገባን ብርድን ለመልመድ እንደሱ ያለ መንገድ የለም ባይ ነኝ።

ዘዴው የሚጀምረው ብርድንና እርጥበትን ለይቶ ከማወቅ ነው። ውሃ ከሰውነት ሙቀት የሚወስደው ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። ደረቅ ልብስም ሆነ ደረቅ ጸጉር በክሩና በክሩ መሃል አየር ይይዛል፤ ያ የታሰረ አየር ነው የሚያሞቀን። ውሃ ሲገባበት አየሩ ይወጣና ሙቀታችን በውሃው በኩል ይሾልካል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ የሚወርደው በረዶ ደረቅ ነው፤ ከካፖርት ላይ እንደ ዱቄት ይራገፋል። በዜሮ አካባቢ የሚወርደው ግን ልብስ ላይ ተጣብቆ ይቀልጣል። ስለዚህ ፀሐይ የወጣበትና ነፋስ የሌለው፣ ከዜሮ በታች 8 የሆነ ቀን፣ ዝናብ ከበረዶ ተቀላቅሎ ከሚወርድበት ከዜሮ በላይ 1 ዲግሪ ቀን ይሻላል፤ ለሰውም ለቡችላም። ይህ መጀመሪያ ላይ ለማመን ያስቸግራል።

ከዚህ ተነስቶ አለባበሱን ማወቅ ይቻላል። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ጋቢ ቤት ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ ወደር የለውም። ጥጥ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ የጥጥ ካልሲና የጥጥ ካናቴራም እንደዚያው ናቸው። ከሥር ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ መሃል ላይ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት መልበስ ነው። ነፋሱም በራሱ ጉዳይ ነው፤ በሰውነት ዙሪያ የተፈጠረችውን ስስ የሞቀ አየር እየጠረገ ይወስዳታል። በየሦስት ሰዓቱ ቡችላ ይዞ የሚወጣ ሰው ይህን ሁሉ ልብስ መደራረብ ስለሚሰለቸው፣ በር አጠገብ አንድ ረጅም ካፖርትና ያለ ክር የሚጠለቅ ቦት ጫማ ያስቀምጥ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ክር ማሰር ለጠላትም አይመኙም።

ወደ ቡችላው እንምጣ። የትልቅ ውሻ መዳፍ ብርድን እንዴት እንደሚችለው ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል፤ ወደ መዳፉ የሚወርደው ሙቅ ደም ከዚያ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ሲያልፍ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜው ወደ ሰውነቱ አይዘልቅም። ቡችላ ግን ገና ትንሽ ነው፤ ከክብደቱ አንጻር ለብርድ የተጋለጠው ቆዳው ብዙ ነው፣ ስቡም ስስ ነው። ከዜሮ በታች 7 አካባቢ ሲደርስ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ማጠር አለበት። ከተንቀጠቀጠ፣ እግሮቹን እያፈራረቀ ካነሳ ወይም ቆሞ አልሄድም ካለ፣ እልህ መጋባት ሳይሆን አቅፎ መግባት ነው። አጭር ጸጉር ላለው ልብስ ያስፈልገዋል፤ የሚስቅ ይሳቅ።

መዳፉን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በጣቶቹ መሃል ያለው ጸጉር ላይ የገባው በረዶ በሙቀቱ ትንሽ ይቀልጣል፣ ከዚያ መልሶ ይረጋል። ጥቂት እንደተራመደ በየጣቱ መሃል ጠንካራ እንክብል ይሠራል። ቡችላው ድንገት ተቀምጦ እግሩን መንከስ ሲጀምር ባለቤቱ እሾህ የወጋው ይመስለዋል። እንክብሉን በጥፍር ፈልቅቆ ለማውጣት መሞከር ጸጉር መንጨት ነው፤ በእጅ መዳፍ ጨብጦ ጥቂት መቆየት ይበቃል፣ ራሱ ይለቃል። በጣቶቹ መሃል ያለውን ጸጉር አሳጥሮ መቁረጥ ደግሞ ከመነሻው ይከላከላል።

ሁለተኛው የመዳፍ ጠላት ጨው ነው። ከተማው መንገድ ላይ፣ ባለቤቶችም ደጃቸው ላይ ይበትኑታል። ጨው በረዶን የሚያቀልጠው ውሃ የሚረጋበትን የሙቀት መጠን ዝቅ በማድረግ ነው። ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ካለፈ እምብዛም አይሠራም፤ ከዚያ በታች ካልሲየም ክሎራይድ የመሳሰሉ ጠንከር ያሉት ይደረጋሉ፣ እነሱ ደግሞ የመዳፍን ቆዳ ይበልጥ ያቆስላሉ። ቡችላው ቤት ገብቶ እግሩን ሲልስ ጨው ወደ ሆዱ ይገባል፤ ማስመለስና ማስቀመጥ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው በር ላይ ለብ ያለ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ ነው፤ አራቱንም እግር ነከር፣ ከዚያ በፎጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ማድረቅ። ማድረቁ ከማጠቡ አያንስም፤ እርጥብ መዳፍ ይሰነጠቃል። ደጃችሁ ላይ ጨው የምታበዙ ከሆነም የግዛቱ የብክለት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የሚያስተምረውን አስቡ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውሃ ይበክላል፣ ከውሃው በቀላሉ የሚያወጣው ነገርም የለም። ቀድሞ በአካፋ መጥረግ ይሻላል፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ የግል መኖሪያ ቤት ባለቤት ደጁ ላይ ያለውን የእግረኛ መንገድ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጥረግ በሕግም ግዴታው ነው።

አካፋው ሌላም ሥራ አለው። ውሻ የሚጸዳዳበትን ቦታ የሚያውቀው በማሽተትና እግሩ ሥር በሚሰማው ነገር ነው፤ አዲስ በረዶ ሁለቱንም ይቀብርበታል። ትናንት የለመደው ጥግ ዛሬ የለም፤ ቡችላው ግራ ይገባውና ተመልሶ ምንጣፍ ላይ ይሸናል። ባለቤቱ እልኸኛ ነው ይላል፤ እልህ የለበትም፣ አድራሻው ነው የጠፋው። ሣሩ እስኪታይ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ያህል ጥረጉለት፣ ሁልጊዜ እዚያው ውሰዱት፤ ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ተጫውቶ ሲያቆም። ብርዱ እዚህ ላይ አጋዥ ነው። በሞቃት አገር ቡችላ ሽንቱን የሚያዘገየው ጨዋታው እንዳያልቅበት ብሎ ነው፤ እዚህ ግን ወደ ሙቀቱ መመለስ ራሱ ሽልማት ስለሆነ ቶሎ መጨረስን ይማራል። አንድ ማሳሰቢያ፦ በረዶ መብላት ይወዳል፤ በረዶ የበላ ቡችላ ውሃ ጠጥቷል ማለት ስለሆነ ከአንድ ሰዓት በፊት ወጥቶ ነበር ብላችሁ አትዘናጉ። ምንጣፍ ላይ ካመለጠው በረኪናም አሞኒያም ተዉት፤ የእንስሳ ሽንት ለማጥፋት የተሠራ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ነው ሽታውን ከሥሩ የሚያጠፋው።

የቡችላ ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው የዕድሜ ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይቀጥላል። ብርዱ ጀርም ይገድላል ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው፤ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በረዶ ውስጥ ሳይሞት ይከርማል፤ ስለዚህ ክትባቱ ሳያልቅ ሌሎች ውሾች የሚመላለሱበት ቦታ ላይ አይለቀቅም። ችግሩ ግን ቡችላ ከሰውና ከዓለም ጋር የሚተዋወቅበት ዋናው ዕድሜም ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት አካባቢ መሆኑ ነው። ክትባቱ እስኪያልቅ ቤት የተዘጋበት ቡችላ በኋላ ፈሪ ሊሆን ይችላል። በበረዶ ወራት ደግሞ ውጭ የሚያየው ሰው ሁሉ ፊቱ በሻርፕና በኮፍያ የተሸፈነ ነው። መሬት ሳያስነኩ በካፖርት ውስጥ ታቅፎ ማዞር ይቻላል፤ የበረዶ መጥረጊያ መኪናውን ድምፅ፣ ሕጻናትን፣ አውቶቡሱን ከዚያው ይያቸው። እናቶቻችን በአንቀልባ ያደረጉት ይኸው አይደል?

ቤት ውስጥ ያለው አደጋ ግን ከውጭው ይብሳል፤ ምክንያቱ ደግሞ የእኛው ወጥ ቤት ነው። ገና በበረዶው መሃል ይመጣል፤ ዶሮ ይሠራል፣ እንግዳ ይሰበሰባል፣ ለቡችላውም አንዱ አጥንት ይወረውርለታል፤ አገር ቤት እንደዚያ ነዋ! የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ሹል ስለሚሆን አንጀት ሊበሳ ይችላል። ከአጥንቱም በላይ ግን ሽንኩርቱ ነው የሚያሰጋው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሊጎዳ ይችላል፤ አራት ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ አንድ ትንሽ ራስ ሽንኩርት በቂ ነው ማለት ነው። ዶሮ ወጥ ደግሞ ከዶሮው ሽንኩርቱ ይበልጣል። የጾሙ ሽሮም አይድንም፤ በርበሬው ራሱ ነጭ ሽንኩርት አለበት። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ስለሚታይ ሰው አያያይዘውም፦ ድካም፣ የገረጣ ድድ፣ የጠቆረ ሽንት። ይህን ካያችሁ ወደ ሐኪም ነው። የቡና አተላም እንዲሁ ከእሱ ይራቅ፤ ካፌይኑ ልቡን ያስሮጠዋል። ጋራዥ ውስጥ የፈሰሰ አንቲፍሪዝ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ይልሰዋል፣ ኩላሊቱንም ያጠፋል። ከሰል ቤት ውስጥ ማያያዝ ግን ለውሻውም ለባለቤቱም ሞት ነው፤ መስኮት ተዘግቶ በሚከረምበት አገር የከሰል ጭስ የሚተወው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም።

የሚገርመው፣ ውጭ የምንሸሸው እርጥበት ቤት ውስጥ ይጠፋል። ከዜሮ በታች 15 የሆነ አየር ወደ ክፍል ገብቶ 21 ዲግሪ ሲሞቅ የእርጥበት መጠኑ ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይነስራል፣ ቡችላውን ስትነኩት ኤሌክትሪክ ጠቅ ያደርጋችኋል። እርጥበት የሚሰጥ ማሽን ሁለታችሁንም ይረዳል።

አሁን መዝናኛው። ኢትዮጵያዊና በረዶ ምን አገናኛቸው ለሚል፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሮ በክረምት ኦሎምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ቀርቧል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የዓለም ዋንጫ የስኪ ውድድር ያስተናገደበት መስመር አለው፤ ጀማሪም እዚያው ይለማመዳል። ስኪ ከሩጫ የማይተናነስ ላብ ያስወጣል። ላብም ውሃ ነው፤ ስለዚህ ሲጀምሩ ትንሽ እስኪበርድ ድረስ ቀለል አድርጎ መልበስ ያስፈልጋል። ውሻ ስኪተኛ የሚጎትትበት ስፖርትም አለ፤ ግን አጥንቱ ያልጠና ቡችላ መጎተት የለበትም፣ ዓመት አልፎት ሐኪሙን ጠይቃችሁ ይሁን።

ሐይቅ ላይ በረዶ ቦርቡሮ ዓሣ ማጥመድ የአገሬው ዋና ጨዋታ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼ፣ ስለ በረዶው ልናገር። የግዛቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በእግር ለመሄድ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ በረዶ ይጠይቃል። ነጣ ያለው በረዶ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ እጥፍ ውፍረት ያስፈልገዋል። ላዩ ላይ የተቆለለው አዲስ በረዶ ደግሞ ሥሩን እንደ ብርድ ልብስ ስለሚያሞቀው ሐይቁ ዘግይቶ ይረጋል። ቡችላን ሳያስሩ ሐይቅ ላይ መልቀቅ ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት፤ እሱ ሲገባ አብራችሁ ትገባላችሁ።

ዘመድ ምን ይላል? እናት በስልክ «ውሻ? ቤት ውስጥ? ከሰው ጋር?» ማለቷ አይቀርም፤ ከዜሮ በታች 20 መሆኑን ስትሰማ ግን «እንግዲህ ምን ታደርገው» ትላለች። እንግዳን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሥዕለ አድኅኖ ባለበት ክፍል ውሻ እንዲገባ የማይወዱ አዛውንቶች አሉ። ከተማው ውስጥ ብዙ የሶማሌና የኦሮሞ ሙስሊም ጎረቤቶችም አሉን፤ ምራቁ ልብሳቸውን ከነካ ለሶላት መታጠብ ግድ የሚላቸው ብዙዎች ናቸው። አሳንሰር ውስጥ ገመዱን አሳጥሮ መያዝ ጨዋነት ነው።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ያላነሳችሁት ሁሉ ይገለጣል፤ ጎረቤትም ያየዋል፣ ማንሳት ነው። እርጥበቱም ያኔ ያይላል፤ ጭቃ፣ ረግረግ፣ ረጅም ሣር። ሚኒሶታ የላይም በሽታ የሚያስተላልፍ መዥገር ያለበት ግዛት ነው። መዥገሩም ሙቀቱ ከዜሮ በላይ 4 አካባቢ ሲደርስ ይንቀሳቀሳል፣ ሣር ሙሉ በሙሉ እስኪለመልም አይጠብቅም። ስለዚህ መከላከያውን ከመጋቢት ጀምሮ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። በየቀኑ ከጆሮው ጀርባ፣ ከብብቱና ከጣቶቹ መሃል ፈትሹ። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ ሳቡት። ጋዝ መቀባት፣ በክብሪት መተኮስ የሚባለውን ተዉት፤ መዥገሩ የበለጠ እንዲተፋበት ያደርጋል።