ለአሮጌ ላንድ ክሩዘር የካምቢዮ ዘይት ሲመረጥ

በብርድ ጠዋት 2ኛ ማርሽ አልገባ ያለው ባለመኪና ብዙውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ወፍራም ዘይት ነው። «መኪናው አርጅቷል፣ ወፍራም ዘይት ይደግፈዋል» ይባላል። የእምነቱ ምንጭ አይጠፋኝም፤ ወፍራም ዘይት የጥርሱን ጩኸት ያፍነዋል። ጩኸቱ ታፈነ ማለት ግን ጉዳቱ ቆመ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም በካምቢዮ ውስጥ ቀድሞ የሚጎዳው ጥርሱ ሳይሆን ሌላ ክፍል ነው። ለማስረዳት በአገራችን ከገጠር መንገድ የማይጠፋውን፣ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተርና ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ያለውን 70 ሲሪስ ላንድ ክሩዘር እወስዳለሁ።

መጀመሪያ ቤቶቹን እንለይ

ከዚህ መኪና ስር ሦስት ዓይነት የዘይት ቤት አለ። ከሞተሩ ቀጥሎ ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው ጀርባ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር፣ ከዚያም በፊትና በኋላ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ ዲፈረንሻሎች። ሁሉም ውስጥ ጥርስ አለ፤ ጥርሱ የሚሠራው ሥራ ግን አንድ አይደለም። የዲፈረንሻል ጥርሶች እየተገፉ ብቻ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ነው የሚዞሩት። በዚያ ጫና ተራ ዘይት ከመካከላቸው ተጨምቆ ይወጣና ብረት ከብረት ይፋጫል። ስለዚህ ድኝና ፎስፈረስ ያለው ቅመም ይጨመርበታል፤ ቅመሙ በሙቀት ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ስስ መከላከያ ይሠራል።

የነሐሱ ቀለበት

ማርሽ ሲቀየር በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት አካላት ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸው እኩል መሆን አለበት። ይህን የሚያደርገው በብዙ አሮጌ ካምቢዮ ከነሐስ የተሠራው የሲንክሮናይዘር ቀለበት ነው። ቀለበቱ እንደ ፍሬን ይሠራል፤ ሾጣጣውን ብረት ይዞ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ለመያዝ ደግሞ በመካከል ያለው ዘይት ቶሎ መሸሽ አለበት። ዘይቱ በጣም ወፍራም ከሆነ ቶሎ አይሸሽም፤ በጣም የሚያሟልጭ ከሆነም ቀለበቱ ይንሸራተታል። ያኔ ነው ማርሹ «ክርር» የሚለው።

ሁለተኛ አደጋም አለ። ለአረብ ብረት ጥሩ የሆነው የድኝ ቅመም መዳብ ያለበትን ቢጫ ብረት በሙቀት ሊበላው ይችላል። የአዳዲስ ዘይቶች ቅመም በዚህ ረገድ ከድሮው የተሻለ ነው፤ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። አምራቹ የምርቱን መግለጫ ካወጣ «የመዳብ ዝገት» የሚለውን ውጤት ይፈልጉ፤ መለኪያው ከ1 እስከ 4 ነው፣ 1 ደግሞ መዳቡ ብዙም አልተነካም ማለት ነው።

ጂኤል-4 እና ጂኤል-5

በጣሳው ላይ የሚጻፉት እነዚህ ምልክቶች የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም የአገልግሎት ደረጃዎች ናቸው። 5 ከ4 ስለሚበልጥ «የተሻለ ጥራት» የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም። ጂኤል-5 በመሠረቱ ለዲፈረንሻል የታሰበ ነው፤ ቅመሙም በግምት የጂኤል-4ን እጥፍ ይሆናል። የቶዮታ መመሪያ ለዚህ ካምቢዮና ትራንስፈር ሁለቱንም ደረጃዎች በ75ደብሊው-90 ውፍረት ይፈቅዳል፤ ለዲፈረንሻል ግን ጂኤል-5 ብቻ ነው። ምርጫው ለእኔ ቢተው ለካምቢዮው ጂኤል-4 እገዛለሁ፤ ቀለበቱ ባረጀ መጠን መያዣው ስለሚሳሳ የሚያሟልጭ ዘይት አይችልም። ዲፈረንሻል ውስጥ ጂኤል-4 መጨመር ግን በፍጹም አይገባም። ሁሉንም ቤት ከአንድ ጄሪካን መሙላት ይቀላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን አንዱ ቤት ነው።

በሌላ መኪናማ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። በ1983 በላንድ ሮቨር ዋን ቴን የገባው ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ኤልቲ77 የሚጠጣው ቀጭኑን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ከጎኑ የተገጠመው ትራንስፈር ግን 90 የጥርስ ዘይት ይፈልጋል። እዚያ ካምቢዮ ውስጥ 90 የጨመረ ሰው በብርድ ከማርሹ ጋር ሲታገል ይውላል።

ቁጥሩ አያሳስት

የጥርስ ዘይትና የሞተር ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። 90 የተባለው የጥርስ ዘይት በ100 ዲግሪ ሙቀት ውፍረቱ ከ40 የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም። 140 ግን ከሁለቱም እጅግ ይወፍራል። በ«ደብሊው» የሚጠራው ቁጥር የብርዱን ጠባይ ይነግረናል፤ ሲያንስ ዘይቱ በብርድ በቀላሉ ይፈሳል። ደብረ ብርሃን ያደረ መኪና 75ደብሊው-90 ካለው 2ኛ ማርሽ ቶሎ ይገባለታል፤ 140 የተሞላው እስኪሞቅ ድረስ ይታገላል። አፋር በረሃ ለሚሠራ መኪናም ቢሆን ካምቢዮው ውስጥ 140 እንዲጨመር አልመክርም።

መጠኑና ዘይቱ የሚናገረው

በዚህ መኪና ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ችግር አለ። በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ዘይት አጋጅ ጎማ ሲያረጅ የካምቢዮው ዘይት ወደ ትራንስፈሩ ይሻገራል። መሬት ላይ ጠብታ ስለማይታይ ማንም አይጠረጥርም። ካምቢዮው ይጎድላል፣ ትራንስፈሩ ሞልቶ ይተርፋል፤ ከሁሉም ቀድሞ ዘይት የሚጠማው ከኋላ በኩል ያለው 5ኛ ማርሽ ነው። ስለዚህ የትራንስፈሩ መሙያ ሲከፈት ዘይት ቢፈስስ ደስ አይበልዎ፤ ወዲያው የካምቢዮውን መጠን ይዩ።

ዘይት ሲቀየር መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ዘይቱም ለብ ያለ ይሁን። ቀድሞ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ቡሎን ነው፤ እሱ አልፈታ ካለና የታችኛው አስቀድሞ ከተከፈተ ካምቢዮው ባዶውን ይቀራል። አዲሱ ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ይደርሳል። ከታችኛው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ መሰል ነገር ቢገኝ የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ጉዳት ነው። በዘይቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ብናኝ ከታየ የሚያልቀው ቀለበቱ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቷል፤ የሞቀ ካምቢዮ ወንዝ ውስጥ ድንገት ሲቀዘቅዝ በመተንፈሻው በኩል ውኃ ይስባል። ያ ዘይት ሳይውል ሳያድር ይቀየራል፤ የመተንፈሻውም ቱቦ ወደ ላይ ይረዝማል።

ጥፋቱ የዘይት ላይሆን ይችላል

ጂኤል-4 ለመግዛት ከመውጣትዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ሞተሩን አስነስተው ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ይርገጡ፤ ጥቂት ሰኮንድ ቆይተው የኋላ ማርሽ ያስገቡ። ያኔም «ክርር» ካለ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልተላቀቀም ማለት ነው፤ የፍሪሲዮኑን ፈሳሽና ፓምፕ ያስፈትሹ። የኋላው ጸጥ ብሎ ገብቶ እየሄዱ 2ኛ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ግን ወደ ቀለበቱና ወደ ዘይቱ ይመለሱ።