ማር ሳይበላሽ ጠጅ ለምን ይኮመጥጣል?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አደይ አበባ ካበበ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ማር ይቆረጣል። ማር ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ከማሩ የተጣለው ጠጅ ግን በጥቂት ሳምንታት ሊኮመጥጥ ይችላል። ለምን ይሆን?

ማር ከአምስት እጁ አራቱ ያህል ስኳር ነው። ውኃው አነስተኛ በመሆኑ ረቂቅ ተሕዋስያን አይራቡበትም። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ገደማ ውኃ ሲበጠበጥ ግን በማሩ፣ በጌሾውና በጋኑ ያሉት እርሾዎች ይነቃሉ፤ ስኳሩንም ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣሉ። አረፋውን የሚያስነሣው ይኸው ጋዝ ነው። አንዳንድ አነስተኛ የፈረንሳይ ነጭ ወይን ጠማቂዎችም እንዲሁ እርሾ ሳይጨምሩ ከወይኑ ጋር በመጣው ይጠቀማሉ።

ጠጁ ከደረሰ በኋላ ጋኑ ተከፍቶ ከቆየ፣ አየር የሚሹ ባክቴሪያዎች አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ኮምጣጤ፣ ይለውጡታል። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1866 ባሳተመው ጥናት የወይን ጠጅ ብልሽት ከረቂቅ ተሕዋስያን እንደሚመጣ አስረድቷል።

እንግዲህ ለድግስ የተጣለ ጠጅ ሲኮመጥጥ «ዓይን ገባበት» ከማለት ይልቅ ክዳኑን መመርመር ይበጃል። ጋኑን በሚገባ ማጠብና በወይራ ማጠን፣ ፍላቱ ሲያበቃም ጠጁን በትናንሽ ዕቃ እስከ አፍ ሞልቶ መክደን የቤተሰቡን የዓመት ማር ከብክነት ያድናል።