ዩኒፎርም ግዴታ መሆን አለበት ወይስ የለበትም?

ዩኒፎርም የነጋዴውንና የአርብቶ አደሩን ልጅ ያመሳስላል፤ «ዛሬ ምን ልልበስ» ማለትንም ያስቀራል። ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? መግዣው ላይ ነዋ! ከቡሌ ሆራ ወደ ያቤሎና ሞያሌ ስንወርድ ብዙ ቤተሰብ የልብስ ገንዘብ የሚያገኘው ከብት ሸጦ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳካላቸው ቀርተው እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ ዩኒፎርም የሌለውን ልጅ ከበር ከመለስነው፣ እኩል ያደርጋል ያልነው ልብስ ራሱ ከትምህርት አስቀረው ማለት ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርም በነፃ ማደል ጀምሯል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ግዴታው ይኑር፤ ነገር ግን አስቀድሞ ልብሱ ይቅረብ። እስከዚያው ልጁ በለበሰው ይማር።